ከሸክላ እስከ ኮምፒዩተር

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በጀርመን አገር በማሲንቆ ያዜሟቸው ዜማዎች በሸክላ ተቀረጹ፤ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ቅጂዎች የሚቆጠሩትም እነዚህ ናቸው። ጆሮ የማይለየውን ድምፅ እየቀነሰ ፋይልን የሚያሳንሰው የኤምፒ3 ስልትም በአብዛኛው የተሠራው በዚያው አገር፣ በፍራውንሆፈር ተቋም ነው። በዚህም ዜማን በደካማ መስመር እንኳ አውርዶ በቤት ኮምፒዩተር ማድመጥ ተቻለ።

ይሁን እንጂ ቴክኒክ ብቻውን ቅርስን አይጠብቅም። የነጋድራስ ቅጂ ለታሪክ የበቃው ስማቸው ከድምፃቸው ጋር ስለ ቆየ ነው። በደባርቅ ወይም በዳባት ሠርግ የተቀዳ የአዝማሪ ዜማ ስም፣ ቦታና ዘመን ሳይጻፍበት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ቢሸጋገር፣ ድምፁ ይሰማል፤ ባለቤቱ ግን ይጠፋል። ስለሆነም ቀጂ ሁሉ ከማሠራጨቱ በፊት የአዝማሪውን ስም በፋይሉ ላይ ያስፍር።