የእርዳታ እህል ሲጭበረበር፡ ምን እንይ? ለማን እንጠቁም?

በህዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ኮምቦልቻ የነበሩ የእርዳታ መጋዘኖች በመዘረፋቸው የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻና በደሴ የምግብ እደላ ለማቋረጥ ተገዶ እንደነበር ይታወሳል። ያ ዝርፊያ በአደባባይ የታየ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ግን በፊርማና በማኅተም ተሸፍኖ የሚፈጸመው ነው።

የገጠር ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ተጀምሯል። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ደግሞ መጀመሪያ ካቀፋቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። በእነዚህም ሆነ በአስቸኳይ እርዳታ ማጭበርበር የሚፈጸምባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

1. ምዝገባ፦ የሞተ ወይም አካባቢውን የለቀቀ ሰው ስም ከመዝገብ ሳይሰረዝ ሌላ ሰው ሲቀበልበት፤ ሀብቱን የደበቀ ሰው ሲመዘገብ።
2. እደላ፦ ተረጂው ሙሉ ራሽን እንደወሰደ ፈርሞ የሚደርሰው ሲጎድል፤ ወይም ለመመዝገብ ጉቦ ሲጠየቅ።
3. መጋዘንና ጭነት፦ የወጣውና የደረሰው ኩንታል ሳይመሳሰል ሲቀር።

ይሁንና የእርዳታ ጆንያ ገበያ ላይ መታየቱ ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ተረጂዎች ለወፍጮ፣ ለጨውና ለመድኃኒት ሲሉ ከድርሻቸው ላይ ይሸጣሉ። ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስም የሚገባው ሰው ያለ ማንም ተንኮል ሊቀር ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ቅሬታ የሚቀርበው ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው።

የማጭበርበር ጥርጣሬ ሲኖር ግን ለፖሊስ ወይም ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን መጠቆም ይገባል። ጥቆማው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የእህሉን ወይም የገንዘቡን መጠንና የኃላፊውን የሥራ ድርሻ ይያዝ። በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይጻፍ። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን እስከ መደበቅ የሚደርስ ከለላ ይሰጣል፤ ሆኖም የሚሸፍነው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን በመሆኑ ጠቋሚው ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ የልማት ድርጅት፣ እህል ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም በሚል በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቋርጠው ነበር። እደላው የቀጠለው ከወራት በኋላ፣ የምዝገባና የቁጥጥር ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት ጦሙን ያደረው እህሉን የወሰደው ሳይሆን ስሙ በትክክል የተመዘገበው ችግረኛ ነበር።