‘ዳውንተን አቢ’፦ የግራንተም ማዕረግ ለምን ለበኩር ልጅ አልደረሰም?

የብሪታኒያው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ‘ዳውንተን አቢ’ የሚጀምረው በመርዶ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ በሰጠመች ማግስት፣ በዮርክሻየር ወደሚገኘው የክሮውሊ ቤተሰብ መኖሪያ ቴሌግራም ይደርሳል። የግራንተም ኧርል ሮበርት ክሮውሊ ወራሽ የነበረው የአጎቱ ልጅ ጄምስ እና የጄምስ ልጅ ፓትሪክ ከሟቾቹ መካከል ናቸው።

ሮበርት ሜሪ፣ ኢዲት እና ሲቢል የተባሉ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ ልጅ ግን የለውም። ችግሩ አስቀድሞ ታስቦበት፣ የበኩር ልጁ ሜሪ ፓትሪክን እንድታገባ በቤተሰቡ ዘንድ ተወስኖ ነበር። ጋብቻው ማዕረጉንም፣ ርስቱንም፣ ገንዘቡንም በአንድ ቤት ያቆይ ነበር። መርከቧ ይዛው የሰመጠችው ይህንን ዕቅድ ጭምር ነው።

ቀጣዩ ወራሽ ሆኖ የተገኘው ማቲው ክሮውሊ በማንቸስተር የሚኖር፣ በጥብቅና ሙያ የሚተዳደር የሩቅ ዘመድ ነው። የቤቱ ሰዎች አያውቁትም፤ እርሱም ኧርል መሆንን አልተመኘም።

በአማርኛ ማዕረግ ሲባል ፈጥኖ የሚታወሰው ራስ ወይም ደጃዝማች ነው። እነዚህ ግን ንጉሥ የሚሾምባቸውና የሚሽርባቸው ሹመቶች ነበሩ፤ የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። የእንግሊዝ ኧርልነት ከዚህ ይለያል። ንጉሡ ማዕረጉን አንድ ጊዜ ከሰጠ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚይዘው የሚወስነው ማዕረጉ የተሰጠበት የንጉሥ ደብዳቤ ነው። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ማዕረጉ ከመጀመሪያው ባለቤት አብራክ ለተገኙ፣ በሕጋዊ ጋብቻ ለተወለዱ ወንዶች ብቻ እንዲተላለፍ ያዛሉ። በሥልጣን ላይ ያለው ኧርል ሊሸጠው፣ ሊናዘዘው ወይም ለሚወዳት ልጁ ሊሰጠው አይችልም።

በዚህ ምክንያት፣ በድራማው ውስጥ የሜሪ አያት ቫዮሌት እና የልጅቷ እናት ኮራ የሚያደርጉት ትግል ስለ ማዕረጉ አይደለም። ማዕረጉ ወደ ማቲው እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሙግቱ ርስቱና ገንዘቡ ማዕረጉን ተከትለው ይሂዱ ወይስ አይሂዱ የሚል ነው።

ርስቱን ከማዕረጉ ጋር ያቆራኘው ‘ኢንቴይል’ የሚባለው የውርስ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት መሬቱን የያዘው ሰው በሕይወት ዘመኑ ይጠቀምበታል እንጂ እንደ ልቡ ሊያወርሰው አይችልም። የኮራ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ መራራ ነው። ከአሜሪካዊ ባለጸጋ አባቷ ያመጣችው ሀብት፣ ስታገባ በአማቷ ፍላጎት በተፈረመ ውል ከርስቱ ጋር ታስሯል። የገዛ ገንዘቧ ለልጆቿ ሳይሆን ለማታውቀው ጠበቃ ሊያልፍ ነው።

ይህ ከመሬት የተነሳ ፈጠራ አይደለም። ድራማው የተቀረጸበት የሃይክሌር ቤተ መንግሥት ባለቤት የነበሩት አምስተኛው የካርናርቮን ኧርል በ1895 ያገቧት አልሚና፣ ከባንክ ባለቤቱ አልፍሬድ ዴ ሮትስቻይልድ ዘንድ ከፍተኛ ሀብት ይዛ ነበር የመጣችው። ኧርሉ የቱታንካሙን መቃብር የተገኘበትን ቁፋሮ በገንዘብ የደገፉና በ1923 ካይሮ ውስጥ የሞቱ ሰው ናቸው።

ማቲው ወራሽ ቢባልም ቦታው አስተማማኝ አልነበረም። ሮበርት በሕይወት እስካለ ድረስ ወንድ ልጅ ከወለደ ማቲው ወዲያውኑ ይሻራል። በ1914 ኮራ ሳይታሰብ ስታረግዝ የሆነው ይኸው ነው፤ ሆኖም በደረሰባት አደጋ ፅንሱ ጨነገፈ። ወንድ እንደነበርም ታወቀ። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ፊቱ በእሳት የተጎዳ አንድ ወታደር ‘ከታይታኒክ የተረፍኩት ፓትሪክ እኔ ነኝ’ ብሎ መጣ። እውነት ቢሆን ኖሮ ውርሱን ከማቲው ይነጥቅ ነበር፤ ነገሩ ሳይረጋገጥ ሰውዬው ጠፋ።

በመጨረሻ ቤተሰቡን ያሳረፈው የሜሪና የማቲው ጋብቻ ነው። በመሃል ሮበርት የኮራን ሀብት በካናዳ የባቡር ኩባንያ ላይ አውሎ ከሰረ። ታስሯል የተባለ ገንዘብ እንዴት እንዲህ በቀላሉ ለኪሳራ ይዳረጋል? ድራማው በዚህ ላይ ብዙ አይጨነቅም። ማቲው በሌላ በኩል ባገኘው ውርስ ቤቱን አዳነ፤ የርስቱም ባለድርሻ ሆነ።

ልጃቸው ጆርጅ በ1921 ተወለደ። ማቲው ልጁን አይቶ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። ይህ ክፍል በብሪታኒያ የተላለፈው በ2012 የገና ዕለት ምሽት ነበር። ኧርል ሳይሆን የሞተው የማቲው ወራሽነት ለሕፃኑ ተላለፈ። በርስቱ ላይ የነበረው ድርሻ ግን በተወው ደብዳቤ መሠረት ለሜሪ ሆነ። ማዕረጉና ሀብቱ እዚህ ላይ ተለያዩ፤ ቤቱን የምታስተዳድረው ሜሪ፣ ስሙን የሚወርሰው ልጇ ነው።

ኢዲት በበኩሏ ማዕረግ ያገኘችው በትዳር ነው። ያጨችው በርቲ ፔልሃም የዘመዱ ሞት ሳይታሰብ የሄክሳም ማርከስ አደረገው። ማርከስ ከኧርል ይበልጣል፤ ችላ ስትባል የኖረችው ልጅ ከወላጆቿ በላይ ሆነች።

የድራማው ስድስተኛና የመጨረሻ ምዕራፍ የሚዘጋው በ1925 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በማግስቱ፣ ጥር 1 ቀን 1926፣ የእንግሊዝ የንብረት ሕግ በሥራ ላይ ውሎ የኢንቴይልን የቀድሞ ጉልበት ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ሊቀጥል የሚችለው በአደራ አስተዳደር ሥር ብቻ ሆነ። የማዕረግ ውርስን ግን ሕጉ አልነካውም።

ሴት ልጅ ማዕረግ የወረሰችባቸው አጋጣሚዎች አሉ፤ የንጉሡ ደብዳቤ በግልጽ ከፈቀደ። ማርጋሬት ሄግ ቶማስ በ1918 የአባቷን የሮንዳ ቫይካውንትነት የወረሰችው በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም በጌቶች ምክር ቤት መቀመጫ ይሰጠኝ ብላ ያቀረበችው አቤቱታ በ1922 ውድቅ ተደረገ። ማዕረጉ የእርሷ ቢሆንም ወንበሩ አልነበረም።

የድራማው ደራሲ ጁሊያን ፌሎውስ ጉዳዩን የሚያውቁት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ባለቤታቸው ኤማ የኪችነር ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት ሱዳንን ድል ያደረገው ኪችነር በኋላ የተሰጠው የኧርልነት ማዕረግ የካርቱምን ስም ይጠራ ነበር። ሳያገባ በ1916 በባሕር ላይ ስለሞተ፣ በማዕረጉ ደብዳቤ ልዩ ፈቃድ መሠረት ታላቅ ወንድሙ ወረሰው። የኤማ አጎት የነበሩት ሦስተኛው ኧርል በ2011 ሲያርፉ ግን ወንድ ወራሽ አልነበረም። የእህት ወይም የወንድም ሴት ልጅ አትቆጠርምና ማዕረጉ ጠፋ። ፌሎውስ ይህንን በአደባባይ ተቃውመዋል። በቀጣዩ ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ ለኤማ የኧርል ልጅ ደረጃ ሰጧቸው፤ ኧርልነቱን ግን አልመለሱም።

በ2013 ፓርላማው የዘውድ ውርስ ሕግን አሻሽሎ፣ ከጥቅምት 28 ቀን 2011 በኋላ የተወለደች በኩር ሴት ልጅ በታናሽ ወንድሟ እንዳትቀደም አደረገ። በዚያው ዓመት መኳንንቱንም ለማካተት ለጌቶች ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ፣ ጋዜጦች ‘የዳውንተን ሕግ’ ያሉት፣ ሳይጸድቅ ቀረ።

ታሪኩን እስከ 1930 በሚያደርሰው የ2025ቱ ፊልም ሮበርት የዳውንተንን አስተዳደር ለሜሪ አስረክቦ ከኮራ ጋር ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ኧርሉ ግን አሁንም እርሱ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠራውም ዕድሜው ገና አሥር ያልሞላው ጆርጅ።