ባዶው ቀለህ፦ ከአዙሌ እስከ ዓድዋ

ባደግሁበት በኦጎልቾ አያቴ ኩሏን የምታስቀምጠው በአንዲት የናስ ዕቃ ውስጥ ነበር። ዕቃዋ ከሥሯ ከንፈር ያላት፣ ወደ አፏ ጠበብ የምትል፣ በእንጨት ውታፍ የምትዘጋ ናት። በልጅነቴ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። የውጅግራ ጥይት ቀለህ መሆኗን የተረዳሁት ብዙ ዘግይቼ ነው።

ስለ ጠመንጃ ታሪካችን ሲጻፍም ሆነ ሲተረክ ዘወትር የሚቆጠረው የጠመንጃው ብዛት ነው፤ ስለ ቀለሁ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የዚያ ዘመን ኃይልም ሆነ ጥገኝነት ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚያች ትንሽ ናስ ላይ ነው።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዮች በ1874 (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሠራዊታቸው ከመረጡት የግራ ጠመንጃ፣ ማለትም ከ«ፉዚ ግራ» ነው። ከዚያ ቀደም ተኳሹ ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን ካፕሱል ለየብቻ ይይዝ ነበር። የናስ ቀለህ ሦስቱን በአንድነት ሰበሰበ። ከዚህም በላይ ሌላ ጥቅም ነበረው። ናስ ባሩዱ ሲቀጣጠል ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ይደፍናል፤ ግፊቱ ሲበርድ ደግሞ ሸሸት ብሎ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና ሊሞላ ይችላል።

ሁሉም ቀለህ ግን ለዚህ አይበቃም። የእንግሊዞቹ ማርቲኒ ሄንሪ የመጀመሪያ ጥይቶች ከስስ የናስ ቅጠል የተጠቀለሉ ስለነበሩ በቀላሉ ይጨማደዱ ነበር፤ ደጋግሞ ለመሙላትም አይመቹም። ከአንድ ወጥ ናስ ተስቦ የተሠራ ቀለህ ግን ብዙ ጊዜ ያገለግላል። መራጩ አፉ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ከከንፈሩ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ መስመር ካየም ይጥለዋል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ሊበጠስ ነው። የካፕሱሉ ጎድጓዳ ከሰፋም ዋጋ የለውም። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ናስ ስለሚበላ ቀለሁ ከተኩስ በኋላ ሳይውል ሳያድር መታጠብ አለበት። በተደጋጋሚ ተኩስ የደረቀ አፍ ደግሞ እሳት እያየ መለስለስ ይኖርበታል።

እንግዲህ ከእነዚህ ነገሮች በእጃችን የነበረው የትኛው ነው? ባሩድ አባቶቻችን ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ይቀምሙ ነበር። እርሳስም ቀልጦ በቅርጽ ይፈሳል። ቀለሁና ካፕሱሉ ግን በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነበሩ። ባዶ ቀለህ እንደ ዋዛ የማይጣለው፣ ጥይትም በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሩን የያዙት ይህን ያውቁ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1887 ከታጁራ ወደ ሸዋ ያመጣው ጭነት በአብዛኛው አውሮፓ የጣለቻቸው ባለካፕሱል ጠመንጃዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጣሊያን በአንቶኔሊ በኩል 5,000 ሬሚንግተን ለምኒልክ ለመስጠት የተዋዋለችው በአፄ ዮሐንስ ላይ ስታሴር ነው። በ1893 ትራቬርሲ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ሲያመጣም ሮም ያሰበችው ወዳጅነት ለመግዛት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጥይቱን ተቀብለው የውጫሌን ውል ሻሩ።

አሁን ወደ አያቴ ቀለህ ልመለስ። የአርሲ ሕዝብ ከ1882 እስከ 1886 የራስ ዳርጌን ዘመቻ የተከላከለው በጦርና በጋሻ፣ በፈረሱም ፍጥነት ነበር። በመስከረም 1886 በአዙሌ ድል ሲሆን ከፊቱ የቆመው በየጥይቱ ዳግም የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ያው ዓይነት መሣሪያ ዓድዋ ላይ ቅኝ ገዥን መለሰ።

አያቴ ኩሏን የያዘችበት ቀለህ በየትኛው ዘመን እንደተተኮሰ እርሷም አታውቅም ነበር። እኔም የትኛውን ታሪክ እንድወርስ እንደምትነግረኝ ስጠብቅ ኖርኩ። ዛሬ ግን ሁለቱንም መውረስ ግዴታዬ እንደሆነ ይሰማኛል። በ2006 ዓ.ም. ሄጦሳ ላይ የቆመው የአኖሌ ሐውልት ካስነሣው ክርክር ወዲህ አንዱ ወገን አዙሌን ሲያነሣ ሌላው ዓድዋን ይመዝዛል፤ አንዱ ሌላውን የሚሰርዝ ይመስል። ዓድዋን የማከብረው አዙሌን በመርሳት ከሆነ የአያቴን ወገን እክዳለሁ፤ አዙሌን የማስበው ዓድዋን በማቃለል ከሆነም እኔንም ነጻ ያወጣኝን ድል እክዳለሁ።

ሌላም ትምህርት አለ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በ1935፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ፋብሪካ ያላትን ጣሊያን እገዳው አልነካትም፤ ያረጀ ውጅግራ ከጥቂት ጥይት ጋር ይዞ የዘመተውን ገበሬ ግን ባዶ እጁን አስቀረው። ቀለህን መርጦ፣ አጥቦ፣ ሞልቶ መተኮስ የብልህ ድሃ ጥበብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቀለሁንም ካፕሱሉንም መሥራት አልተማርንም ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረታችን ለናስም ይሠራል።

የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከውጭ በብድርም በልመናም የመጣ ጥይት ወደ ውጭ ጠላት ከዞረበት ጊዜ ይልቅ ወደ ወንድም የዞረበት ጊዜ ማነሱን በድፍረት መናገር አለመቻላችን ነው። የአያቴ ቤት ግን ለቀለህ የተሻለ ሥራ አግኝቶለት ነበር፦ የሴት ዓይን ማስዋብ።