መካከለኛው ሽፋን

ስለ እንስሳት አንጀት ለመጻፍ መሐንዲስን ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እንገምታለን። ሆኖም የበግ ቀጭን አንጀት በአማካይ 25 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሳያቋርጥ የሚኮማተርና የሚወጠር ቧንቧ ነው፤ ግድግዳው በምን ኃይል እንደሚጸና መጠየቅም ከሙያችን የራቀ አይደለም።

ግድግዳው አራት ሽፋን አለው፤ እነርሱም ምግብ የሚመጠው የውስጥ ልባስ፣ ሰብሙኮሳ የሚባለው ስስ ድር፣ ጡንቻውና የውጩ መሸፈኛ ናቸው። ስዊሳውያኑ ፔየር በ1677፣ ብሩነርም በ1687 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአንጀትን ዕጢዎች ገለጡ። የብሩነር ዕጢዎች በአብዛኛው የተቀበሩት በዚሁ ድር ውስጥ ቢሆንም፣ የሊቃውንቱ ዐቢይ ጉዳይ ዕጢው እንጂ ድሩ አልነበረም።

ድሩን አስቀድሞ ያወቀው የእጅ ባለሙያ ነው። የአገራችን በገና ሠሪ የበግ አንጀት አጥቦ፣ ልባሱንና ሥጋውን ፍቆ፣ የቀረውን ገምዶና አድርቆ ለበገናው 10 አውታር ያበጃል። ስሙን አይጥራው እንጂ በእጁ የሚቀረው ሰብሙኮሳው ነው።

የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ግን ይህን የተማሩት በብዙ ሕይወት ዋጋ ነው። የተሰፋ አንጀት ስፌቱ ከተቀደደ ይዘቱ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የሚተርፍ በሽተኛ ጥቂት ነበር። ፈረንሳዊው ሌምቤር በ1826 የሁለቱን ጫፎች የውጭ ገጽ አገናኝቶ መስፋትን አስተማረ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ መርፌው ምን ያህል ይጥለቅ የሚለው ጥያቄ ግን ገና መልስ ይጠብቅ ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ሃልስቴድ በ1887 ባሳተመው የውሾች ሙከራ፣ የውጩን መሸፈኛና ጡንቻውን ብቻ የያዘ ክር ሥጋውን ቆርጦ በቀላሉ እንደሚወጣ፣ ከሰብሙኮሳው ጥቂት ያህል የያዘ ስፌት ግን እንደሚጸና አሳየ። የሠለጠነ እጅ መርፌው እዚያ ሲደርስ የሚገጥመውን መቋቋም ለይቶ ያውቀዋል።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ የታከመ የአንጀት ክር የጥጃ ደም ሥር ለማሰር መሞከሩን የገለጠው በ1869፣ ከሃልስቴድ 18 ዓመት ቀድሞ ነበር። ይህ ክር ከበግ ሰብሙኮሳ የሚገመድ ነው። ሐኪሞቹ መርፌያቸው ሊይዘው የሚገባውን ሽፋን በጣታቸው መካከል ይዘውት ኖረዋል!

የጥንካሬው ምክንያት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የኮላጅን ቃጫዎች ቧንቧውን ግማሾቹ በቀኝ፣ ግማሾቹ በግራ እየተጠመዘዙ ይከብቡታል፤ አንጀቱ ሲረዝም ወይም ሲነፋ አስቀድሞ የሚለወጠው የቃጫዎቹ ርዝመት ሳይሆን በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ነው። በክር የተጠናከረ የጎማ ቱቦም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።