መርዛማ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ኃላፊነት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶችን ግድግዳ ባለ ቀለም ወረቀት ማልበስ የተለመደ ነበር። ብዙዎች የሚመርጡት ደማቅ አረንጓዴ ቀለም የሚዘጋጀው ከመዳብና ከአርሰኒክ ውሕድ ነው። የሚሺጋን ግዛት የጤና ቦርድ አባል የነበሩት ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር ሮበርት ኬድዚ፣ ይህ ወረቀት የቤተሰብን ጤና እንደሚጎዳ ሕዝቡን ለማስገንዘብ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1874 ከ80 በላይ የወረቀት ናሙናዎች ከመግቢያ ጋር ተጠርዘው፣ «ከሞት ግድግዳዎች የመጡ ጥላዎች» በሚል ርእስ በ100 ቅጂዎች ለግዛቲቱ ቤተ መጻሕፍት ታደሉ።

ናሙናዎቹ እውነተኛ በመሆናቸው፣ ስለ መርዝ የሚያስጠነቅቀው መጽሐፍ ራሱ መርዛማ ነበር። ሕፃናት እንዳይነኩት ማሳሰቢያ ቢሰጥም፣ አብዛኞቹ ቅጂዎች ከጊዜ በኋላ አደገኛ ናቸው ተብለው ተወገዱ። ዛሬ የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚህም ለኅብረተሰብ ጤና ታሪክ ጠቃሚ የሆነ ማስረጃ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከተረፉት አንዱ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እያንዳንዱ ቅጠል በታሸገ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንባቢው ወረቀቱን ሳይነካ ይመለከተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የመጽሐፉን ዲጂታል ቅጂ ለማንኛውም አንባቢ አቅርቧል። የተገደበው ንክኪው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም።

የጥንቃቄው ዓይነት እንደ አደጋው ይለያያል። በፓሪስ የሚገኙት የማሪ ኩሪ የምርምር ደብተሮች በራዲየም የተበከሉ በመሆናቸው በእርሳስ በተለበጡ ሣጥኖች ይጠበቃሉ፤ ተመራማሪው አደጋውን ማወቁን በፊርማው ያረጋግጣል። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ይህ ጥበቃ ለብዙ ትውልድ የሚተላለፍ ነው።

እንዲህ ያለውን አደራ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የካታሎግ መዝገቡ ነው። መዝገቡ ዝም ካለ ተተኪው ሠራተኛ ሰነዱን በባዶ እጁ ይከፍተዋል፤ ሰነዱ ከመዝገብ ከተሰወረ ደግሞ ለተመራማሪው እንዳልነበረ ይቆጠራል። «አደገኛ» የሚል ቃል ብቻውንም አይበቃም። መርዙ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ፣ በምን ምርመራ እንደተረጋገጠ፣ ምን ዓይነት ጓንትና ማሸጊያ እንደሚያስፈልግና ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

የመድኃኒት መጋዘን የሚያስተዳድር የጤና ባለሙያ ይህን አሠራር ከዕለት ተዕለት ሥራው ያውቀዋል፤ ኃይለኛው መድኃኒት በቁልፍ ይጠበቃል እንጂ ምልክቱ ተፍቆ አይቀመጥም።