ችግሩ ከትምህርቱ ሲቀድም፦ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ከየካ ሲታይ



ከዚህ ከየካ ቀና ስንል የእንጦጦ ተራራ ይታየናል። ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ብርዳም ጫፍ ወደ ፍልውኃ አካባቢ ሲወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የእኔም ታሪክ በውኃ ይጀምራል።

ችግርን መሠረት ያደረገ ትምህርት በምንለው ሥርዓት መጀመሪያ ጊዜ ያስተማርኩ ዕለት፣ በስምንት ተማሪዎች ፊት አንድ ገጽ ብቻ አኖርኩ። የወንጂ ተወላጅ የሆነ የ19 ዓመት ወጣት፣ ጥርሱ ቡናማ ስለሆነ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከዚያ ዝም አልኩ። ተማሪዎቹም ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ፣ «መምህር፣ መልሱን ይንገሩንና እንጻፈው» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልዋሽም።

አንዷ ቆሻሻ ነው፣ ይታጠብ አለች። የየካ ልጅ የሆነ ሌላው ግን፣ «እኔም በወይራ መፋቂያ ነው ያደግሁት፤ የእኔ ለምን ነጭ ሆነ?» ሲል ጠየቀ። ጉባኤው የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከመፋቂያው ወደ ውኃው ሄዱ። በስምጥ ሸለቆ የወንጂ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛባቸው ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከተማችን ደግሞ በከፊል ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የገጸ ምድር ውኃ ትጠጣለች። ፍሎራይዱ የሚጎዳው ኢናሜሉ ገና በልጅነት ሲሠራ ስለሆነ፣ ቀለሙ በማጠብ አይለቅም።

አሁን ወደ ታሪኩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ የማውጣትን መንገድ ያዘ። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ችግርን መሠረት ያደረገ ትምህርት የጀመረው በ1969 ነው፤ የስዊድኑ የማልሞ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1990 ተከተለ። በዚህ ቅደም ተከተል ተነሥተው «ጎንደር ቀድማለች» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ጎንደርን ችግር ወለዳት እንጂ፣ ተማሪው ችግሩን ያገኘው ትምህርቱን ከተቀበለ በኋላ ነው። ማክማስተር የገለበጠው ይህን ቅደም ተከተል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መምህሩን ከመድረኩ ያወረደው ግን እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዐሥራ ሦስት ተቋማት አዲስ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር፣ ይህ አስተሳሰብ ሰፊ በር አገኘ። የጥርስ ሐኪም ግን በውይይት ብቻ አይሠራም፤ እጁም መማር አለበት። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ መካከል ስለ ወንጂ ውኃ አሳምሮ የሚከራከር፣ የበሽተኛውን ጥርስ ሲሞላ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የልምምዱን ሰዓት ለውይይት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አሁን የወንጂውን ገጽ በሁለት ሳምንት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያው እንከራከራለን። በሁለተኛው ተማሪዎቹ በጂፕስ ጥርስ ላይ የተጎዳውን ገጽ በቀጭኑ እየሞረዱ ይሸፍናሉ፤ እኔም በአጠገባቸው ቆሜ፣ ሲሳሳቱ እጃቸውን እይዛለሁ።