ከ18 እስከ 160 ሚሊሜትር፦ የፕላዝማ ችቦ ስፋት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1947 የሌኒንግራዱ መሐንዲስ ጆርጂ ባባት ጋዝን ያለ ኤሌክትሮድ፣ በመዳብ ጥቅል ብቻ ስላጋለበት ሙከራ በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም መጽሔት ላይ ጻፈ። በዚያው ዓመት በአትላንቲክ ሲቲ የተካሄደው የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ለኢንዱስትሪ አገልግሎት ከለያቸው የሬዲዮ ድግግሞሾች አንዱ 27.12 ሜጋኸርዝ ነበር። አንዱ ሌላውን አስቦ አልተነሣም፤ ግን ጋዝን በጥቅል እያጋለ ፕላዝማ የሚያደርገውን የዛሬውን የላቦራቶሪ ችቦ ስፋት ለመረዳት ሁለቱንም ማየት ግድ ይላል።

ጥቅሉ የሚፈጥረው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ጋለው ጋዝ የሚዘልቀው ጥቂት ብቻ ነው። ድግግሞሹ ከፍ ሲል ጥልቀቱ ይቀንሳል። ቱቦው ከዚህ ጥልቀት አንጻር በጣም ከጠበበ ጋዙ ኃይሉን በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ ጠባብ ቱቦ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ይፈልጋል።

ቶማስ ሪድ በ1961 በኤም.አይ.ቲ. ሊንከን ላቦራቶሪ አርጎንን በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ እያሽከረከረ ፕላዝማውን አረጋጋ፤ በሙቀቱም ክሪስታል አሳደገ። ለኬሚካል ትንተና ያዋሉት በ1964 የእንግሊዙ ስታንሊ ግሪንፊልድ፣ በ1965 ደግሞ በአዮዋ የኤምስ ላቦራቶሪዎቹ ዌንትና ፋሰል ናቸው። የኤምሱ የመጀመሪያ መሣሪያ በ3.4 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር፤ ፕላዝማው የእንባ ጠብታ መልክ ስለነበረው ናሙናው መሐሉን ሳይነካ በዳር ያልፍ ነበር። በ1969 ፋሰልና ዲኪንሰን ወደ 30 ሜጋኸርዝ ሲሻገሩ ሙቀቱ በዳር ዳር ተሰብስቦ መሐሉ ተከፈተ፣ ናሙናውም በዚያ ገባ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። የገበያው መሣሪያ በኋላ በ27.12 ሜጋኸርዝ፣ 18 ሚሊሜትር ገደማ የውስጥ ስፋት ባለው ቱቦና ከ1 ኪሎዋት ብዙም በማይርቅ ኃይል ተለመደ።

አርጎን ለመቆጠብ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ 9 ሚሊሜትር የሆነ ችቦ ተሠርቷል። ቱቦ ሲጠብ ግን ከጋዙ መጠን አንጻር ግድግዳው ይበዛል፤ ሙቀቱም ወደ ኳርትዙ ይሸሻል።

በተቃራኒው ጫፍ፣ ብራስልስ አጠገብ ባለው የፎን ካርማን ተቋም የሚገኘው ፕላዝማትሮን የጠፈር መንኮራኩር ሙቀት መከላከያዎችን ይፈትናል። ቱቦው 160 ሚሊሜትር፣ ድግግሞሹ 400 ኪሎኸርዝ፣ የጄኔሬተሩ አቅም 1.2 ሜጋዋት ነው። የሁለቱ ፕላዝማዎች የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ መስኩ በላቦራቶሪው ችቦ 3 ሚሊሜትር፣ በቤልጂየሙ 25 ሚሊሜትር ገደማ ይዘልቃል። በሁለቱም የቱቦው ሬዲየስ የዚህ ጥልቀት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስፋቱ ዘጠኝ ጊዜ ሲያድግ የኃይሉ አቅም ወደ ሺህ ጊዜ አድጓል።